ሸክም የሚወርድበት ቦታ፦ ስለ ሜክሲኮ ባቡር ጣቢያና ስለ ወለጋ መናኸሪያዎች የቀረበ ሒስ

መግቢያ

ሒስ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ቴአትር ወይም ስለ ሥዕል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን በአንድ የባቡር ጣቢያ ላይ ሒስ ማቅረብ ነው። ይህን ስንል እንግዳ ነገር ለመፍጠር ፈልገን አይደለም። አንድ አንባቢ ያልወደደውን መጽሐፍ ዘግቶ ያስቀምጠዋል፤ ጣቢያን ግን ወደደውም ጠላውም ይወጣበታል፣ ይወርድበታል። የሕዝብ ገንዘብ የወጣበትና የሕዝብ ጎዳና የተከፈተለት ሥራ ቢያንስ እንደ አንድ ድርሰት ያህል መመርመር ይገባዋል ብለን እናምናለን።

ለምርመራ የመረጥነው በአዲስ አበባ በሜክሲኮ አደባባይ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራውን የቀላል ባቡር ጣቢያና በዙሪያው ያለውን ሰፈር ነው። የምንመዝንበት ሚዛን ግን ከወለጋ የመጣ ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎ ሕዝብ መኪና የሚሳፈርበት ቦታ በኦሮምኛ «ቡፈታ» ይባላል። ቃሉ ማውረድ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ስለዚህ ቡፈታ ማለት መንገደኛ ሸክሙን የሚያወርድበት፣ ጥቂትም ዐረፍ የሚልበት ቦታ ማለት ነው። ጤና ጣቢያም በዚሁ ቃል «ቡፈታ ፈያ» ይባላል። የዚህ ሒስ ጥያቄ ከዚህ ቃል የመነጨ ነው፤ ይኸውም፦ በሜክሲኮ ጣቢያ ሸክም ይወርዳል ወይስ ይነሣል?

ይህ ጥያቄ ለወለጋ ተወላጆች ብቻ የሚጠቅም አይደለም። የአገሪቱ የምድር ባቡር ዕቅድ ከኢጃጂ ተነሥቶ በነቀምቴና በአሶሳ በኩል እስከ ኩርሙክ የሚደርስ መሥመርን ያካትታል። መሥመሩ እስካሁን አልተሠራም። ነገር ግን የሚሠራበት ቀን ሲደርስ የጣቢያው ዓይነት ከየት ይቀዳል? ዓይናችን ያየው አዲሱ ምሳሌ የአዲስ አበባው ነውና ምሳሌው ከመቀዳቱ በፊት መልካሙና ጎደሎው ተለይቶ ቢታወቅ ይበጃል።

፩. ጣቢያውና መሥመሩ

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ግንባታ በ2004 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ የሰሜን–ደቡቡ መሥመር በመስከረም 2008 ዓ.ም.፣ የምሥራቅ–ምዕራቡ ደግሞ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ግንባታውን ያከናወነው የቻይና የምድር ባቡር ተቋራጭ ሲሆን፣ 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ከሆነው ወጪ 85 በመቶ ያህሉ የተገኘው ከቻይና የኤክስፖርትና ኢምፖርት ባንክ በብድር ነው። አንደኛው መሥመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሁለተኛው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ይደርሳል። የጣቢያዎቹ ቁጥር 39 ነው።

ሁለቱ መሥመሮች በከተማው መሀል ወደ 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ይህ የጋራ ክፍል በኮንክሪት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ረጅም ድልድይ ነው። በላዩም ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ የተባሉት ጣቢያዎች በተርታ ተቀምጠዋል። ሜክሲኮ በመካከላቸው ያለ በመሆኑ የአምስቱንም ጠባይ ያሳያል ብለን መረጥነው።

ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ዋጋው እንደ ርቀቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ይህ ዋጋ ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛውና የጉልት ነጋዴዋ የሚችሉት ነበርና ሊመሰገን ይገባል። ከዚህ በታች የምናቀርበው ነቀፋ ይህን ምስጋና የሚሽር አይደለም።

፪. በድልድዩ ላይ የሚሳፈረው ማን ነው?

እነዚህን ጣቢያዎች በስማቸው ብቻ ሳይሆን በሥራቸው ብንመለከታቸው አንድ ነገር እናስተውላለን። በልደታ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለ፤ ስለዚህ ወደ ልደታ የሚሄደው ባለጉዳይ ነው። በተግባረ ዕድ ስሙን ለጣቢያው የሰጠው አንጋፋው የሙያ ትምህርት ቤት አለ፤ ወደዚያ የሚሄደው ሙያ ፈላጊ ወጣት ነው። ከለገሃር ወደ ላይ በቸርችል ጎዳና ጥቂት ከተወጣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይገኛል፤ ስለዚህ በለገሃር ከሚወርዱት መካከል በሽተኛና አስታማሚ አይጠፋም። በሜክሲኮ ደግሞ ንግድ አለ።

ስለ ሜክሲኮ ንግድ ጥቂት እንጨምር፤ ነገሩ ከወለጋ ጋር የተያያዘ ነውና። በዓለም የቡና ገበያ «ሌቀምቲ» እየተባለ የሚጠራው ቡና ስሙን ያገኘው ከነቀምቴ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የግብይት ወለሉን የከፈተው በዚሁ በሜክሲኮ አካባቢ ነበር። በኋላ ግብይቱ ወደ ኮምፒዩተር እስኪዛወር ድረስ፣ ገዢና ሻጭ የማዕረግ ኮታቸውን ለብሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲደራደሩ ቆይተው እጅ ለእጅ በመመታታት ውሉን ያስሩ ነበር። በጊምቢ ኮረብታ ላይ የተለቀመ ቡና ዋጋው የሚቆረጠው ከሜክሲኮ አደባባይ ጥግ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ፍርድ፣ ሙያ፣ ሕክምናና ንግድ፣ የክፍለ ሀገር ሰው ወደ ዋና ከተማ የሚመጣባቸው አራቱ ታላላቅ ጉዳዮች፣ በዚህ በአንድ ድልድይ ሥር ተሰብስበዋል። ከእነዚህ መንገደኞች ባዶ እጁን የሚመጣ ጥቂት ነው። ባለጉዳዩ የሰነድ ቦርሳ፣ አስታማሚዋ ብርድ ልብስና የምግብ ሣህን፣ ተማሪው ፍራሽና ሻንጣ፣ ነጋዴው የናሙና ከረጢት ይዟል። የጣቢያው ሠሪዎች በሐሳባቸው የሣሉት ተሳፋሪ ግን ጧት ወደ ቢሮ፣ ማታ ወደ ቤት የሚመላለስ፣ እጁ ባዶ፣ ጉልበቱም ጤነኛ የሆነ ሰው ይመስላል። የጣቢያው ዋና ጉድለት ከዚህ ይጀምራል።

፫. የስሙ ነገር

ወደ ጉድለቶቹ ከመግባታችን በፊት ስለ ስሙ አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችና በ1928 ዓ.ም. ግዛቴ ናት ብላ ባወጀች ጊዜ፣ ወረራውን በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ከተቃወሙትና በኋላም ዕውቅና ካልሰጡት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። አደባባዩ በስሟ የተጠራው ለዚህ ውለታ መታሰቢያ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1946 ዓ.ም. ሜክሲኮን ጎብኝተዋል። በሜክሲኮ ከተማም በአጸፋው በኢትዮጵያ ስም የተጠራ አደባባይ አለ፤ በአደባባዩ ሥር እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ «ኤቲዮፒያ» ይባላል።

የዚያ ጣቢያ ምልክት የአንበሳ ራስ ነው። ይህ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። የሜክሲኮ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1969 ሲከፈት፣ ማንበብ የማይችለውም ሕዝብ እንዳይደናገር ለእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ሥዕል ተሰጠው። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረች እናት ልጇን «አንበሳው ጋ ውረድ» ብላ ልትልከው ትችላለች። የእኛው የሜክሲኮ ጣቢያ ግን ስሙን የሚነግረን በፊደል ነው። ኦሮምኛ እንጂ አማርኛ የማያነብ፣ ወይም ሁለቱንም የማያነብ መንገደኛ ጎረቤቱን መጠየቅ አለበት። በእርግጥ አንድ ጥሩ ነገር ተደርጓል፤ የምሥራቅ–ምዕራቡ ባቡር በአረንጓዴ፣ የሰሜን–ደቡቡ በሰማያዊ ቀለም ተለይቷል። ሁለቱ መሥመሮች በአንድ መድረክ ላይ በሚቆሙበት በዚህ ጣቢያ ቀለሙ ባይኖር ኖሮ ቃሊቲ ሊሄድ የተነሣው አያት በደረሰ ነበር። ቀለሙ ያሳየው ጥንቃቄ ለጣቢያዎቹም ቢደረግ ምን ይከብድ ነበር? ለሜክሲኮ ንስር፣ ለተግባረ ዕድ መዶሻ፣ ለለገሃር አሮጌው የእንፋሎት ባቡር ቢሣል ወጪው ከቀለም አይበልጥም።

፬. ጣቢያው ሲመዘን

በመጀመሪያ ጣቢያውን ከመሬት ከፍ ማድረጉ ስሕተት ነበር ወይ ብለን እንጠይቅ። በእኛ አስተያየት አልነበረም። መሥመሩ በመሬት ላይ በሚሄድባቸው ክፍሎች ሐዲዱ በአጥር ስለተከለለ ጎዳናው ለሁለት ተከፍሏል። በወዲያ ማዶ ያለውን ዳቦ ቤት ከደጁ ቆሞ የሚያየው ሰው ወደዚያ ለመድረስ ሩቅ ዞሮ መሻገሪያ መፈለግ ግድ ሆኖበታል። በሜክሲኮ ግን ባቡሩ በራስ ላይ ስለሚያልፍ ሰውና መኪና ከሥሩ ይተላለፋሉ። ከሳር ቤት፣ ከልደታ፣ ከለገሃርና ከሰንጋ ተራ የሚመጡ መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ሐዲድ በመሬት ላይ ቢዘረጋ ኖሮ አራቱም በታነቁ ነበር። ስለዚህ ምሰሶዎቹ ሰፈሩን ከመቆረጥ አድነውታል።

ነገር ግን ከመቆረጥ መዳን ብቻውን በቂ አይደለም። ከፍታ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። በሜክሲኮ ጣቢያ ዋጋውን የሚከፍለው ደረጃውን የሚወጣው ሰው ነው። ባቡሮቹ ራሳቸው አብዛኛው ወለላቸው ዝቅ ተደርጎ የተሠሩ ናቸው፤ ይኸውም አረጋዊ፣ ሕፃን ያዘለች እናትና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ያለ ደረጃ እንዲገቡ ተብሎ ነው። መልካም ሐሳብ ነው። እንዲህ ያለውን ባቡር ግን በረጅም ደረጃ አናት ላይ ማቆም፣ ለአንካሳ ምርኩዝ ገዝቶ በቆጥ ላይ እንደ መስቀል ያህል ነው። ሊፍት አለ ይባል ይሆናል። ሊፍት የሚያገለግለው መብራት እስካለና የሚጠግነው ባለሙያ እስከ ተገኘ ድረስ መሆኑን በዚህች ከተማ የሚኖር ሁሉ ያውቃል። መለዋወጫ በሚቸግርበት አገር፣ ማሽን ሲቆም ደካማው ሰውም አብሮ የሚቆምበት ጣቢያ መንደፍ አርቆ አለማሰብ ነው።

የመለዋወጫው ነገር ከጣቢያውም አልፎ ባቡሮቹን ነክቷል። ለሁለቱ መሥመሮች 41 ባቡሮች ተገዝተው ነበር። ሥራ በጀመሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ከአገልግሎት መውጣታቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ባቡር ሲያንስ መጠበቅ ይበዛል። የሜክሲኮ መድረክ ግን የተሠራው ለመጠበቅ ሳይሆን ለማለፍ ነው፤ ጠባብ ነው፤ ነፋስ ያገኘዋል፤ ሰው ከበዛ ሸክም ማስቀመጫ የለውም። ባቡር በየጥቂት ደቂቃው ይመጣል ተብሎ የታሰበ መድረክ፣ ባቡሩ ሲዘገይ ሌላ ቦታ ሊሆን አይችልም። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። እዚህ ላይ የተፈታው ጥድፊያው ብቻ ሳይሆን የንድፉም መሠረተ ሐሳብ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት በድልድዩ ሥር ያለው ነው። በሥሩ የሚያልፈው ሕዝብ ላዩ ላይ ከሚሳፈረው ይበዛል። ለሳር ቤት፣ ለጀሞ፣ ለአየር ጤና፣ ለቦሌ የሚሰለፈው የታክሲ ሰልፈኛ፣ ቆሎና ማስቲካ የሚያዞረው ልጅ፣ ሊስትሮው፣ ስልክ ቀፎ የሚጠግነው፣ ሁሉም ጥላ ፍለጋ ወደ ምሰሶዎቹ ይጠጋል። እነዚህን ሰዎች የጠራቸው ጣቢያው ነው፤ ነገር ግን የእነርሱ ቦታ በንድፉ ውስጥ አልተሣለም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ይፈቀድላቸዋል፣ ሌላ ጊዜ ይባረራሉ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማው በተካሄደው የኮሪደር ልማት ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት የሚወስደው ጎዳና የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ ይህም መሬቱን ከድልድዩ በኋላም ማረም እንደሚቻል ያስረዳል። ይሁን እንጂ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የተሟላ የጣቢያ ግርጌ አንድ አይደሉም። የጣቢያ ግርጌ ማለት ወንበር፣ ውሃ፣ መጸዳጃ፣ የታወቀ የጉልት ቦታና ከዝናብ መጠለያ ማለት ነው።

አራተኛው ጉድለት የመሥመሩ ነው። ባቡሩ በምዕራብ በኩል ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል። የነቀምቴ መንገድ ግን ከከተማው የሚወጣው በአስኮና በቡራዩ በኩል ነው። በዚህ ምክንያት ከነቀምቴ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣ ሰው ከከተማው በር ላይ ባቡሩን አያገኘውም። ወይ በታክሲ፣ ወይ በአውቶቡስ ሌላ ጉዞ ተጉዞ ነው ወደ ሐዲዱ የሚደርሰው። የከተማ ባቡር የከተማ ሰው ብቻ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ሆኖም የዋና ከተማ ፍርድ ቤት፣ ሆስፒታልና ገበያ የአገሩ ሁሉ ከሆኑ፣ ወደ እነርሱ የሚያደርሰውም ባቡር የአገሩን በር ማወቅ ነበረበት።

፭. የወለጋ መናኸሪያዎች

አሁን ሚዛኑን ወደ ወለጋ እንመልስ። ነቀምቴ ባቡር አይታ አታውቅም፤ ጣቢያ ግን ታውቃለች። ከተማዋ የሌቃ ነቀምቴ ባላባቶች፣ ሞረዳ በከሬና ልጃቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በኋላ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት፣ መቀመጫ ሆና በቤተ መንግሥቱና በገበያው ዙሪያ ያደገች ናት። ቤተ መንግሥቱ ዛሬም ቆሞ ይጎበኛል። ያን ጊዜ ከተማዋ የተሠራችው በእግሩ ለሚሄድ ሰውና በበቅሎ ለሚጫን ዕቃ ነበር። መኪና ከመጣ ወዲህ ደግሞ የመንገዶች መገናኛ ሆናለች፤ በምሥራቅ በባኮና በአምቦ በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ በምዕራብ ዴዴሳን ተሻግሮ ወደ ጊምቢ፣ ከዚያም ወደ ደምቢ ዶሎና በነጆ፣ በመንዲ በኩል ወደ አሶሳ፣ በደቡብ ወደ በደሌና ጅማ፣ በሰሜን ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ ያስኬዳል። አንድ መናኸሪያ ይህን ሁሉ አቅጣጫ በአንድ ግቢ ይሰበስባል።

የመናኸሪያውን ጉድለት ልንሸሽግ አንፈልግም። ክረምት ሲገባ ግቢው ጭቃ ነው፤ ወለጋም ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው። ተራ አስከባሪውና ረዳቱ መንገደኛውን ከሁለት ወገን ይጎትቱታል። መጸዳጃው የሚያሳፍር ነው፤ ኪስ አውላቂ አይጠፋም፤ ሌሊት የምትደርስ ሴት የምትጠጋበት ብርሃን ያለው ጥግ ታጣለች። ይህ ሁሉ በምንም ዓይነት ፍቅር የሚሸፈን አይደለም።

ነገር ግን በዚህ ጭቃ ውስጥ አንድ ጥበብ አለ፤ ማንም መሐንዲስ ሳይነድፈው በልማድ የተሠራ ነው። በመናኸሪያ ሸክም የሚነሣው በመንገደኛው ጉልበት አይደለም። ገበሬው የማር ጀሪካኑንና የቡና ጆንያውን ከባጃጅ ወይም ከጋሪ አውርዶ መሬት ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ወዲያ ወደ አውቶቡሱ ጣሪያ ይዞት የሚወጣው ረዳቱ ነው፤ ባለቤቱ ከታች ቆሞ ገመዱ መጥበቁን ያያል። ከፍታውን የሚወጣው ለዚሁ የተመደበው ሰው እንጂ አሮጊቷ አይደለችም። በሜክሲኮ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ባቡሩ ከላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ ሸክሙንና ሰውን ወደ ላይ የሚያደርሰው ራሱ ሸክም የበዛበት ሰው ነው።

ሁለተኛው ጥበብ የመጠበቅ ጥበብ ነው። አውቶቡስ እስኪሞላ ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ መናኸሪያው ለመጠበቅ የተመቸ ሰፈር አብቅሏል። ሻይ ቤቱ ጎሕ ሳይቀድ ይከፈታል፤ አጠገቡ ምግብ ቤት፣ አልጋ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ጫማ ሰፊ አለ። ዕቃዬን ጠብቂልኝ ተብላ የምትጠየቀው ሻይ አፍይዋ ናት፤ አደራ ትቀበላለች፤ የጠፋ ልጅም እርሷ ዘንድ ይገኛል። መኪና ያመለጠው ሰው መናኸሪያው ውስጥ ባለጋራ አይሆንም፤ እንግዳ ይሆናል። በአይራ ወይም በጊምቢ ሆስፒታል ታክሞ፣ ወደ ነቀምቴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ተልኮ በቃሬዛ የመጣ በሽተኛ ካለ ደግሞ ሰልፉ ራሱ ይከፈትለታል፤ ደንብ ስለ ተጻፈ ሳይሆን ሰው ስለሚያይ ነው። ይህን ልናደንቅ ይገባል፤ ነገር ግን ደግነት ብቻውን የጣቢያ ንድፍ ሆኖ እንዲቀር መፍቀድ አይገባንም።

፮. የሌላው ዓለም ልምድ

ባቡርን በምሰሶ ላይ ያቆመች የመጀመሪያዋ ከተማ አዲስ አበባ አይደለችም፤ ስለዚህ ከቀደሙት መማር ይቻላል። በኒው ዮርክ በማንሐታን ሦስተኛው ጎዳና ላይ የነበረው ከፍ ያለ የባቡር መሥመር እ.ኤ.አ. በ1955 ተዘግቶ ፈረሰ። በድልድዩ ሥር ያለው ጎዳና ጨለማ፣ ጫጫታና ጥላሸት የበዛበት ሆኖ ስለ ነበር ብዙው ሕዝብ አላዘነለትም። በቺካጎ ግን ተመሳሳዩ ድልድይ እስከ ዛሬ ያገለግላል። በበርሊን ከድልድዮቹ አንዱ ሰው ከዝናብ ሊጠለልበት ስለሚችል «የከተማው ሹማምንት ጃንጥላ» የሚል የቀልድ ስም ወጥቶለታል። በባንኮክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተው ከፍ ያለ ባቡር ከብዙ ሕንፃዎች ጋር በድልድይ መንገድ ስለተያያዘ፣ አንድ ጊዜ የወጣ ሰው ወደ ጎዳናው ሳይወርድ ወደ ሱቁ ወይም ወደ ቢሮው ይደርሳል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው የድልድዩ ዕጣ የሚወሰነው በሥሩና በጎኑ በሚደረገው ነገር መሆኑን ነው። የባንኮክ መንገድ ለእኛ ሙሉ በሙሉ አይስማማም፤ የታችኛውን ጎዳና ለድሀ፣ የላይኛውን ለሀብታም ይከፍላል የሚል ፍርሃት አለን። የበርሊኑ ቀልድ ግን ትልቅ ትምህርት ይዟል። በሜክሲኮ አደባባይ ጃንጥላው ተሠርቷል፤ የቀረው በጃንጥላው ሥር ሰው እንዲቀመጥ መፍቀድ ነው።

በራሳችንም አገር ምሳሌ አለ። ከሜክሲኮ አንድ ጣቢያ አልፎ ያለው ለገሃር ስሙን ያገኘው በፈረንሳይኛ ጣቢያ ከሚለው ቃል ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የተሠራው አሮጌው ጣቢያ በመሬት ላይ ነው፤ በፊቱ ሰፊ ሜዳ አለው። ያ ሜዳ ለጋሪም፣ ለመኪናም፣ ለተቀባይም፣ ለሸኚም ይበቃ ነበርና ጣቢያው ሰፈር ወለደ፣ ሰፈሩም በስሙ ተጠራ። አዲሱ የለገሃር ጣቢያ በዚያው ሜዳ አጠገብ በምሰሶ ላይ ተቀምጧል፤ ነገር ግን የራሱ ሜዳ የለውም። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አይቶ ማመዛዘን ለማንኛውም የሥነ ሕንፃ ተማሪ ከብዙ መጻሕፍት ይበልጥ ያስተምራል።

፯. ለነቀምቴ ምን ይበጃል?

ከኢጃጂ ወደ ነቀምቴ የታቀደው መሥመር ሲሠራ ሁለት አደጋዎች ይጠብቁታል። አንደኛው ጣቢያውን ከከተማው አርቆ በሜዳ ላይ መጣል ነው። በአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የታየው ይህ ነው፤ ብዙዎቹ ጣቢያዎች ከከተሞቹ መሀል ርቀው ስለ ተሠሩ መንገደኛው ወደ ባቡሩ ለመድረስ ሌላ መኪና ይፈልጋል። ሁለተኛው አደጋ የሜክሲኮን ዓይነት ጣቢያ እንደ ዘመናዊነት ምልክት መቅዳት ነው። ነቀምቴ የኮረብታ ከተማ ናት፤ አንዳንድ ቦታ ድልድይ ሊያስፈልግ ይችል ይሆናል። ቢያስፈልግ እንኳ ኮረብታው ራሱ ደረጃ ሊሆንላት ይችላል፤ ማለት ጣቢያው በዳገቱ ወገብ ላይ ቢቀመጥ በላይኛው በኩል ያለ ደረጃ ይገባበታል።

በእኛ አስተያየት ከሁሉ በፊት ሊነደፍ የሚገባው መድረኩ ሳይሆን ግርጌው ነው። የሻይ ቤቶቹና የጉልቶቹ ቦታ፣ የባጃጅና የጋሪ መቆሚያ፣ የዕቃ ማስቀመጫ፣ በቃሬዛ ለሚመጣ መተላለፊያ፣ ሌሊት የሚበራ መጠበቂያ ተሣልቶ ሲያልቅ ሐዲዱ ከዚያ ጋር ይገጠም። የጣቢያው ስም በኦሮምኛና በአማርኛ ይጻፍ፤ ለማያነበውም ሥዕል ይደረግለት። ሊፍት የሚያስፈልግበት ንድፍ ካለ፣ ሊፍቱ በቆመ ቀን ደካማው በምን እንደሚያልፍ አስቀድሞ ይመለስ።

ይህን የምንለው ለቅንጦት አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በነበረው ግጭት መንገዶች በየጊዜው ተዘግተዋል፤ በሽተኛ ሳይታከም፣ ተማሪ ሳይመዘገብ፣ ቡና ሳይሸጥ የቀረበት ቀን ብዙ ነው። መንገድ ለተዘጋበት ሕዝብ ጣቢያ ማለት ከኮንክሪትና ከብረት በላይ የሆነ ነገር ነው፤ ወደ ፍርድ፣ ወደ ሕክምናና ወደ ገበያ የሚገባበት በር ነው። በሩ ሲከፈት ከፍ ባለ ደረጃ አናት ላይ ቢገኝ፣ ወይም ከከተማው ብዙ ርቆ ቢገኝ፣ የተከፈተው ለጠንካሮችና ባለ መኪኖች ብቻ ይሆናል።

በመጨረሻ ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ ጓደኞቻችንና መምህራን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። እኛ የጻፍነው ሒስ ነው፤ ሒስ ደግሞ በልኬት ሊደገፍ ይገባዋል። በሜክሲኮ ጣቢያ በአንድ የሥራ ቀን ሸክም ይዞ የሚወጣው ስንት ነው? ደረጃው ግርጌ ደርሶ ወደ ታክሲ የሚመለሰውስ? በነቀምቴ መናኸሪያ አንድ መንገደኛ በአማካይ ስንት ሰዓት ይጠብቃል፣ በዚያ ጊዜስ ምን ያደርጋል? ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደብተር፣ ሰዓትና ሁለት የበዓል ያልሆኑ ቀኖች ይበቁታል። የምሕንድስና፣ የጂኦግራፊና የሶሲዮሎጂ ተማሪዎች ተባብረው ቢሠሩት ውጤቱን በሚቀጥሉት የዚህ መጽሔት እትሞች ለማየት እንጓጓለን።